ኢቃማ ያለው ይሳፈር

በሳውዲ አረቢያ ከጂዛን እስከ አብሃ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ማሽላና ማንጎ የሚበቅልበትን የቲሃማን ሜዳ ያቋርጣል፤ ዳርብ ሲደርስ ፊቱን ወደ ተራራው ያዞርና ዋሻና ድልድይ እያፈራረቀ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ድረስ ያወጣል። ታች ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ የተነሣ መንገደኛ ላይ ሲደርስ ጃኬት ያምረዋል። ጥድ አለ፣ ጉም አለ፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ብስኩት የሚለምን የዝንጀሮ መንጋ አለ። ባቲን በቀትር ለቆ፣ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ የገባ ወሎዬ ነገሩ አይጠፋውም።

ለሠፈር ኳስ ቡድን ከዚህ የተሻለ የሁለት ቀን ጉዞ አይገኝም። ሐሙስ ማታ መነሣት፣ አርብ መጋጠም፣ ቅዳሜ ሲመሽ መመለስ ነው። ሳውዲ አረቢያ የሳምንቱን ዕረፍት ከሐሙስና አርብ ወደ አርብና ቅዳሜ ያዛወረችው እ.ኤ.አ. በ2013 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በንጉሥ አብደላ ትእዛዝ ነበር፤ ስለዚህ ቀኑ አለ። አስፋልቱም አለ። በጂዛን፣ በሳምጣ፣ በአቡ አሪሽና በሰብያ ኳስ የሚወዱ ኢትዮጵያውያንም ሞልተዋል። ብዙዎቹ የሌላቸው ተሳፍሮ መሄድ ብቻ ነው።

ነገሩ የሚገርመው እዚያው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ይህን ጉዞ እንደ ዋዛ የሚያደርጉ ሌሎች ስደተኞች መኖራቸው ነው። በዱባይ፣ በአቡዳቢ፣ በዶሃና በሙስካት የሚሠሩ አውስትራሊያውያን የአገራቸውን እግር ኳስ የሚጫወቱባቸው ክለቦች አቋቁመዋል፤ የዶሃው ቡድን ሊገጥም ዱባይ ድረስ ይሄዳል፣ የሙስካቱም እንዲሁ። ኳሱ እንደ ራግቢ ሞላላ ነው፤ ሜዳውም ሞላላ፣ የክሪኬት ሜዳ የሚያህል። በአንድ ወገን 18 ሰው ይሰለፋል፣ ጨዋታው አራት ክፍለ ጊዜ አለው፣ በመካከለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል የገባ ምት 6 ነጥብ፣ በጎን በኩል የወጣው 1 ነጥብ ያስቆጥራል። ሕጉ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1859 ሜልቦርን ውስጥ ነው። ከእኛ ጋር ምንም አያገናኘውም የሚል ካለ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከደቡብ ሱዳናውያን ወላጆች የተወለደው ቻንግኩዎት ጃያዝ በዚያው አገር ትልቁ ሊግ ለሆውቶርን ተሰልፎ ተጫውቷል።

ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ግን ከሊጉ ይልቅ የገጠሩ ክለብ ነው። በአውስትራሊያ ትንንሽ ከተሞች ክለቡ የከተማው ሳሎን ነው ማለት ይቻላል። ወንዶቹ ኳስ ሲጫወቱ የዚያው ክለብ ሴቶች አጠገቡ ኔትቦል ይጫወታሉ፣ እናቶች ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለ ክፍያ ያስተናግዳሉ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ መዋጮ ተሰብስቦ ወደ ሌላ ከተማ ጉዞ ይወጣል። ከጉዞው የሚተርፈው ውጤቱ አይደለም። ማን አውቶቡስ ውስጥ እንዳንጎራጎረ፣ ማን እንደተኛና ጥለውት ሊሄዱ እንደነበር ነው ለዓመት የሚወራው።

ኢትዮጵያውያን ይህን ጥበብ ከማንም አልተማሩትም። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ዋና ሥራው ይኸው ነው፦ በየዓመቱ በጁላይ 4 የአሜሪካ የነፃነት በዓል ሳምንት የየከተማውን ቡድን ወደ አንድ ከተማ መጥራት። በ2016 ቶሮንቶ፣ በ2017 ሲያትል፣ በ2018 ዳላስ ነበር። የሚጫወተው ጥቂት ነው፤ የሚጓዘው ግን እልፍ። አንዱ ከሃያ ዓመት በፊት አብሮት የተማረውን ያገኛል፣ ሌላዋ በመኪና ማቆሚያው ዳር ድንኳን ተክላ ክትፎ ትሸጣለች፣ አርብ የኢትዮጵያ ቀን ይከበራል፣ ቅዳሜ ዋንጫው ይነሣል። ስንት ትዳር ከዚያ ሜዳ ዳር እንደ ተጀመረ የቆጠረ የለም።

ፌዴሬሽኑ መላእክት የሚመሩት ድርጅት አይደለም። በ2012 ለሁለት ተሰንጥቆ አንዱ ወገን ዳላስ፣ በባለሀብቱ ሼህ መሐመድ አል አሙዲ የሚደገፈው ሌላው ወገን ዋሽንግተን በተመሳሳይ ሳምንት ውድድር አዘጋጅተው ሕዝቡን ያመሱት ጊዜ ነበር። በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ዳላስ ይገኙ አይገኙ የሚለው ጭቅጭቅም አይረሳም። ሆኖም መጨቃጨቅም የሚቻለው መሰብሰብ ሲቻል ነው። ከአትላንታ ሲያትል የሚበረው ተጫዋች በኪሱ የመኖሪያ ፈቃድ አለው፤ ሰኞ ሥራ ገበታው ላይ እስከተገኘ ድረስ ቅዳሜ የት እንደዋለ የሚጠይቀው አሠሪ የለም።

ጂዛን ሌላ ነው። እዚያ ያለው ኢትዮጵያዊ ራሱን የሚከፍለው በሁለት ነው፦ በኮንትራት የመጣና በየመን የገባ። በኮንትራት የመጣው ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ አለው፤ ኢቃማው ላይ ግን ከፊል፣ ማለትም ዋስ የሆነው አሠሪ፣ አለ። ከፊሉ ጠፋ ብሎ ካመለከተበት ሁሩብ ይሆናል፤ ሁሩብ የተባለ ሰው ደግሞ ትናንት ሕጋዊ የነበረ ቢሆንም ዛሬ የሚፈለግ ነው። በየመን የገባው መጀመሪያውኑ ወረቀት የለውም፦ ከኦቦክ ወይም ከቦሳሶ በጀልባ፣ ከዚያ በደላላ እጅ እስከ ሰዕዳ፣ ከሰዕዳ ተራራውን በእግር። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት በ2019 ብቻ ከ138,000 በላይ ሰዎች ከአፍሪካ ቀንድ የመን መግባታቸውን መዝግቧል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ድንበሩን ተሻግሮ ፋይፋ ወይም ዳየር የደረሰው በግ ይጠብቃል፣ እርሻ ያጠጣል፣ ድንጋይ ይሸከማል።

አርብ ከዓስር ሶላት በኋላ ፀሐይዋ ስትበርድ ግን ሁለቱም አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። በሳውዲ ከተሞች ዳርቻ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች የሚጫወቱበት ሜዳ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው፤ የአርሰናል ማሊያ የለበሰው ከማንቼስተሩ ጋር ተደባልቆ ስለሚጫወት አንደኛው ወገን ማሊያውን አውልቆ በባዶ ገላው ይሰለፋል። ጫማ የሌለው በረኛ ይሆናል። ዳር የቆመው ግማሽ ዓይኑን ኳሱ ላይ፣ ግማሹን መንገዱ ላይ አድርጎ ነው የሚያየው፤ የሹርታ (የፖሊስ) መኪና ከታጠፈች ጨዋታው በፉጨት ያልቃል፣ ውጤቱም ባለበት ይጸድቃል።

ይህ ቡድን ለመልስ ጨዋታ አብሃ ይሂድ ቢባል የሚሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። የአውቶቡስ ትኬት የሚቆረጠው በኢቃማ ነው። መንገዱ ላይ ተፍቲሽ፣ ማለትም የፍተሻ ኬላ፣ አለ። አሥራ አምስት ሐበሻ የጫነ ሚኒባስ ደግሞ ስፖርተኛ የጫነ ሳይሆን ደላላ ያሻገረውን የጫነ ነው የሚመስለው፤ ወረቀት የሌለውን ሰው በመኪና ማጓጓዝ በሳውዲ ሕግ ከባድ ቅጣት ስላለው ሾፌሩም ራሱን ለአደጋ ማጋለጥ አይፈልግም። ስለዚህ በጂዛን ሜዳ የሚጫወት ሁሉ ሁልጊዜ በሜዳው ነው። የውጭ ጨዋታ የሚባል አያውቅም።

ለፍትሕ ያህል፣ የድንበሩ ጣጣ የሳውዲዎቹንም ክለቦች ሳይነካ አልቀረም። ሳውዲ በ2015 የየመን ጦርነት ውስጥ ስትገባ የናጅራን ክለብ ከሜዳው ርቆ ለመጫወት ተገድዷል፤ የ2015-16ን የውድድር ዘመንም በመውረድ ነው የጨረሰው። ጠዋል ላይ ከየመን ጋር የሚያገናኘው ዋናው መተላለፊያም ያን ጊዜ ተዘጋ። ልዩነቱ ናጅራን ሲሰደድ ሊጉ ሌላ ስታዲየም ማግኘቱ ነው።

በዚያው ድንበር ስለሞቱት ሳይነገር ስለ ኳስ ማውራት ነውር ነው የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ልክ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደገደሉ ገልጿል፤ የሳውዲ መንግሥት መሠረተ ቢስ ብሎ አስተባብሏል። ከዚያ በፊት በ2020 የጂዛንና የዳየር የስደተኞች ማቆያዎች ስም በየዓለሙ ጋዜጣ የወጣው በመልካም አልነበረም። ይህ ሁሉ ባለበት ስለ ጉዞ መናገር ቅንጦት ይመስላል። ግን ሰው የሚታሰበው ሲገደልና ሲጋዝ ብቻ ከሆነ፣ በሕይወት ያለውና ከበጎች ኋላ የቆመው እረኛ ከሬሳ በታች ሆነ ማለት ነው። እሱም አርብ ቀን ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ሕጉ ምን እንደሚል ማየት ይበጃል። ሳውዲ በ2013 ባወጣችው ደንብ የቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን እንዲያርፍ ፈቅዳለች። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ደንብ ዕረፍቱ ከ24 ተከታታይ ሰዓት እንዳያንስ ይላል። በመጋቢት 2021 የተጀመረው የሥራ ገበያ ማሻሻያ ደግሞ ሠራተኛ ያለ ከፊሉ ፈቃድ ሥራ እንዲቀይርና ከአገር እንዲወጣ መንገድ ከፍቷል፤ የቤት ሠራተኛው፣ የግል ሾፌሩ፣ የእርሻ ሠራተኛውና እረኛው ግን አልተካተቱም። በጂዛን ገጠር ያለ ኢትዮጵያዊ ከእነዚህ ውጭ ምን ሥራ አለው? ማሻሻያው የተጻፈው ለሪያድ መሐንዲስ ነው፤ የሰብያ ማንጎ አጠጪ ስሙን አላገኘውም።

የዕረፍት ቀን ማለትም ከቤት መውጣት ካልተቻለ ትርጉም የለውም። ወጥ ቤት ተቀምጣ የምታርፍ ሠራተኛ እንግዳ ሲመጣ ቡና ማፍላቷ አይቀርም። ሳውዲ ሴቶች ስታዲየም እንዲገቡ የፈቀደችው በጥር 2018 ነበር፤ ዛሬ የሴቶች ፕሪሚየር ሊግም አላት። በ2023 እንደገና በብዛት ወደ ሳውዲ መሄድ የጀመሩት ኢትዮጵያውያን ደግሞ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። እመቤቷ ስታዲየም ስትሄድ ልጁን ይዛ ቤት የምትቀረው እሷ ናት።

አገር ቤትም በውጭ ጨዋታ ነገር የሚመጻደቅበት ፊት የለውም። ከ2020ው የኮሮና ወረርሽኝ በኋላ ፕሪሚየር ሊጋችን ክለቦችን አንድ ከተማ ላይ ሰብስቦ ማጫወት ጀመረ፤ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ እየተባለ። ወልድያ ላይ በአል አሙዲ ስም ወደ 25,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም በ2017 ተመርቆ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከመቀሌ ጋር ሊደረግ የነበረው ጨዋታ በግጭት ሳቢያ ሳይካሄድ ቀርቷል። ብሔራዊ ቡድኑም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የአገር ውስጥ ሜዳዎችን ካገደ በኋላ የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ ቆይቷል፤ በሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው ማላዊ ሄዶ ነው። በክለቡ ማሊያ መኪና ሞልቶ ሌላ ከተማ መግባት ከወሎ ልጅ ትዝታ እየጠፋ ያለው ጂዛን ሳይደርስ ነው ማለት ነው።

ቢሆንም ከሳውዲ ጋር ለመነጋገር ከአሁን የተሻለ ጊዜ አይመጣም። አገሪቱ በታኅሣሥ 2024 የ2034ን ዓለም ዋንጫ ማዘጋጀት ተፈቅዶላታል፤ ዓለም ዓይኑን ሠራተኞቿ ላይ ያደርጋል። ኳታር ላይ የታየው ይኸው ነበር፤ ማሻሻያው የመጣው ካሜራው ከመጣ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ከሪያድ ጋር ለሥራ ስምሪት ስትቀመጥ ስለ ደመወዝ ወለልና ስለ አየር ትኬት ብቻ ተነጋግራ መነሣት የለባትም። እረኛውና እርሻ ሠራተኛው ሥራ በመቀየር መብት ይካተቱ ማለት አለባት። ፓስፖርትና ኢቃማ በሠራተኛው እጅ ይቀመጥ ማለት አለባት። አንድ ሰው በከፊሉ ቃል ብቻ ሁሩብ ከመሆኑ በፊት መልስ የሚሰጥበት ቦታ ይኑር ማለት አለባት። ጅዳ ያለው ቆንስላም በበዓል ቀን አዳራሽ ተከራይቶ ንግግር ከማሰማት ይልቅ ለየከተማው ቡድን የሜዳ ፈቃድ ቢያወጣ፣ ተጫዋቹን በስም ቢመዘግብና የጉዞ ደብዳቤ ቢጽፍ የሚበልጥ ሥራ ይሠራል።

የሥራ ውሉ ላይም የዕረፍቱ ቀን በስሙ ይጻፍ፤ አርብ ከሆነ አርብ፣ ሌላ ከሆነ ሌላ፣ ከቤት ወጥቶ መዋልና ማደር እንደሚቻልም ጭምር። አሠሪው ሲፈርም በዐረብኛ ያንብበው። ተጓዧም ቦሌ ሳትደርስ፣ ገና ወረዳ ላይ አሻራ ስትሰጥ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ተነብቦላት አንዱን ቅጂ ይዛ ትሂድ።