እሷ ትረፍ፣ እኛ እንነሳ!

መቼም ለሀዋሳ ሰው ስለ ዕረፍት ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። እሑድ ሲደርስ ሐይቁ ዳር መውረድ፣ አሞራ ገደል ትኩስ ዓሣ መቅመስ፣ ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ማለት… ይህንን ከኛ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለንም። ይቺው «ዕረፍት» የምትባል ቃል ግን አንድ ወረቀት ላይ ስትጻፍ ድንገት ትርጉሟ ይጠፋናል። ሐኪም ለነፍሰ ጡር ሴት የሚጽፈው ወረቀት ላይ።

እንበልና አንዲት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ትንሽ ደም አየችና ሐኪም ቤት ሄደች። ታየች፣ ተመረመረች፣ «ለጊዜው ሥራ አቁሚና ዕረፍት አድርጊ» ተባለች። ወረቀቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ በባጃጅ ቤቷ ገባች። እቤት ምን ይጠብቃታል? ከስንት ቀን በኋላ የመጣች ውሃ ጀሪካን ትጠብቃለች። ሊጡ ኩፍ ብሏል። ትልቁ ልጅ ከትምህርት ቤት ሊመለስ ነው። ማታ ባል ይገባል፤ ከልቡ አዝኖ «እረፊ እንጂ! ሐኪሙ ምን ነበር ያለሽ?» ይላታል። ቀጥሎ የሚያነሳው ጥያቄ «እራት ደረሰ?» የሚል ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ዕረፍት ማለት እሷ ብቻዋን፣ በራሷ ጉልበት የምትወጣው አንድ ተጨማሪ ሥራ መስሎት ነው።

የኛ ነገር እዚህ ላይ ነው። ለነፍሰ ጡር የሚታዘዝ ዕረፍት የሚጻፈው በእሷ ስም ቢሆንም ትእዛዙ የሚመለከተው በዙሪያዋ ያለነውን ሁሉ ነው። ኪኒን ቢሆን ራሷ ትውጠዋለች። ዕረፍት ግን ሌላ ሰው ካልተነሳ በቀር አይዋጥም።

ዕረፍት ማለት አልጋ ማለት ነው?

ወደ ቤታችን ጉድ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናጥራ። «ዕረፍት» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጣሪያ እያዩ ወራትን በጀርባ ተኝቶ መክረም ነው። በዓለም ዙሪያም ለብዙ ዘመን ሲታዘዝ የኖረው እንደዚያው ነበር። ነገር ግን የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም ነገሩን ደጋግሞ መርምሮ፣ አልጋ ላይ መዋል ውርጃን ወይም ያለጊዜው የሚመጣ ምጥን ይከላከላል ለማለት በቂ ማስረጃ አላገኘም። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅም የአልጋ ዕረፍት እንዲሁ በልማድ እንዳይታዘዝ ይመክራል።

ለሳምንታት መተኛት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ለሕይወት ያሰጋል። ጡንቻ ይደክማል፣ አጥንት ይሳሳል፣ መንፈስም ይጨልማል።

ይህን ስንል «ሐኪሙ ተሳስቷል፣ ተነሺ» ማለታችን አይደለም፣ አደራ! እንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ ያረፈባት፣ ደም ግፊቷ የጨመረ፣ ሽርት ውሃዋ ቀድሞ የፈሰሰ፣ መንታ የያዘች… የእያንዳንዷ ነገር ለየብቻው ነው፤ የሚወስነውም የሚከታተላት ባለሙያ ነው። ማለት የፈለግነው «ዕረፍት አድርጊ» ስትባል ወረቀቷን ይዛ ዝም ብላ እንዳትወጣ ነው። ትጠይቅ። ለምን ታዘዘልኝ? የተከለከልኩት ምንድን ነው፤ ሸክም፣ ደረጃ፣ ረጅም ጊዜ መቆም፣ ጉዞ፣ ግንኙነት? እቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለትስ እችላለሁ? እስከ መቼ? መቼ ተመልሼ ልታይ? ከቻለች ባሏን ወይም እህቷን ይዛ ትግባ። እሷ ብቻዋን የሰማችውን ትእዛዝ ቤተሰቡ «አጋነነችው» ሊል ይችላል። አብሮ የሰማ ሰው ግን ምስክር ይሆናታል።

አጣጥ የሚያስተምረን

በነገራችን ላይ ይህ «ዕረፍት የጋራ ነው» የምንለው ነገር ከውጭ የመጣ ወሬ አይደለም። ጉራጌ ውስጥ፣ ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ፣ አጣጥ የሚባል ሆስፒታል አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 በግቢው ውስጥ የእናቶች ማቆያ ከፈተ። ምጥ ሊከብዳቸው ይችላል የተባሉ ሴቶች ቀናቸው ሲቃረብ ከየገጠሩ መጥተው እዚያ ይቆያሉ። ቤተሰብ ስንቅ ይዞ ይመጣል፣ ያበስላል፣ አብሮ ይሰነብታል። ሴቶቹ አልጋ ላይ ተጣብቀው አይውሉም። ከሸክምና ከእርሻ ሥራ ግን ርቀዋል፤ ሐኪምም አጠገባቸው ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ድረስ የነበረው የሆስፒታሉ መዝገብ ተጠንቶ ነበር። በማቆያው በኩል ካለፉት እናቶች መካከል የሞቱት ከ100 ሺህ ወደ 90 ገደማ ሆነው ተገኙ። በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ከመጡት መካከል ደግሞ ቁጥሩ ከ1300 በላይ ነበር። ልዩነቱን ሁሉ ማቆያው አመጣው ማለት አይቻልም፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከበረታባቸው በኋላ በጭንቅ የደረሱ ናቸውና። ግን ነጥቡ እሱው ነው። አንዲትን ሴት ከጭንቁ በፊት የሚያሳርፋት፣ የሚያበስልላትና ሐኪም አጠገብ የሚያቆያት ሰው መኖሩ ዋጋ አለው። ዛሬ በአገሪቱ ብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ አላቸው፤ እህሉን የሚያዋጣውም ብዙ ጊዜ የአካባቢው ሕዝብ ነው። የገጠሩ ሰው ይህን ካወቀበት እኛ ከተሜዎቹ ምን ሆነን ነው?

አንድ ክፍል ቤት ውስጥ

ወደ ሀዋሳ እንመለስ። ብዙዎቻችን የምንኖረው ተከራይተን ነው፤ አንድ ክፍል ቤት፣ የጋራ ግቢ፣ የጋራ መፀዳጃ። ኢንተርኔት ላይ ስለ እርግዝና ዕረፍት ብትፈልጉ ስለ ልዩ ትራስና ስለ ፊልም ዝርዝር ይነግሯችኋል። የኛ ሴት ችግር ግን በሌሊት ግቢውን አቋርጣ መፀዳጃ መሄድ ነው። እንግዲያው በትንሽ ነገር እንጀምር። ለሌሊት ፖፖ ይገዛላት፤ ማለዳ የሚደፋው ባል ነው (አያሳፍርም፣ ወንድሜ!)። ገላዋን ስትታጠብ የምትቀመጥባት በርጩማ ትቅረብላት። አልጋዋ አጠገብ ውሃ፣ ፔርሙስ፣ ቆሎ፣ ሙዝና የስልኳ ቻርጀር እጇ በሚደርስበት ቦታ ይደርደሩ። ባል ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት ይህችን ለማድረግ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም።

ሆዷ ሲገፋ በጀርባ መተኛት አይመችም፤ በጎን መተኛቱ ይሻላል። በጉልበቷ መሃል ትራስ፣ ከሆዷ ሥር ደግሞ የታጠፈ ጋቢ ማድረግ ወገቧን ያሳርፈዋል። ልዩ ትራስ አያስፈልግም። ስትነሳ ቀስ ብላ፣ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትነሳ። ሐኪሟ ካልከለከላት ተኝታም ሆነ ተቀምጣ ቁርጭምጭሚቷን ማዞርና እግሯን ማንቀሳቀስ አትተው፤ ደሟ እንዲዘዋወር ይረዳል። የአይረን ኪኒን የምትወስድ ከሆነ ሆዷን ሊያደርቀው ስለሚችል ውሃና አትክልት ታብዛ። ኪኒኑን ከቡናና ከሻይ ጋር አትውሰደው፤ ጥቅሙን ይቀንሱታል። ሀዋሳ ደግሞ የወባ አገር ናት፤ ወባ ነፍሰ ጡርን የበለጠ ስለሚጎዳ አጎበሩ ይሰቀል።

የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይወቅ። ደም ከበዛ፣ ሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ሆዷን እየመጣ እየሄደ ከቆረጣት፣ ራሷን በኃይል አሟት ዓይኗ ከደበዘዘ፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ትኩሳት ከያዛት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ «እስኪ እስከ ጠዋት እንየው» ብሎ ነገር የለም። አንዱ እግሯ አብጦ ከቀላና ካመማት፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ደግሞ የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና አሁንም መቆየት የለም። የአምቡላንስ ስልክና ሌሊት የሚሠራ የሚታወቅ ባጃጅ ቁጥር ግድግዳው ላይ ይለጠፍ።

ጠያቂም ወግ አለው

እኛ ለአራስ ወደር የለንም። ገንፎው፣ ቡሪሳሜው፣ አጥሚቱ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ»ው… ወልዳ የተኛችን ሴት ማንም «ሰነፍ» አይላትም። ያው ሴት ከሁለት ወር በፊት ተኝታ ብትገኝ ግን «ኧረ ተንቀሳቀሺ፣ ምጡ ይከብድሻል»፣ «እኛ እኮ እስከ ምጣችን ድረስ እንጨት ተሸክመናል» እያልን እናሳቅቃታለን። እትዬ፣ እናከብርዎታለን፤ ግን እንጨት ተሸክመው በሰላም የወለዱት ናቸው ዛሬ የሚያወሩልን። ያልቀናቸው አጠገባችን ተቀምጠው አይመሰክሩም።

ተኝታ የምትውል ሴት የሚከብዳት ወገቧ ብቻ አይደለም። ፍርሃት አለ። እያንዳንዷን ቁርጠት ታዳምጣለች፤ ለሰው ሸክም የሆነች ይመስላታል። እንግዲያው ልንጠይቃት ስንሄድ የጎረቤት ልጅ እንዴት እንደሞተች የሚተርከውን ወሬ ውጭ እንተወው። ቡናውን እዚያው እሷ ካለችበት እናፍላ፤ አፍልተንም ሲኒውን አጥበን እንውጣ። «የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ» የሚሏት ብዙ ናቸው፤ ይሉኝታ ይዟት አንዱንም አትነግራቸውም። «ማክሰኞ እንጀራ እኔ ጋ ነው» የምትል አንዲት ጎረቤት ከአሥሩ ትበልጣለች። ሳትስቅ ከዋለች፣ እንቅልፍና ምግብ ካጣች፣ ተስፋ የቆረጠች ከመሰለች ደግሞ «የእርግዝና ጠባይ ነው» ብለን አንለፈው፤ ለሐኪሟ ይነገር።

ደሞዙስ?

ሌላው ባለዕዳ አሠሪው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ፈቃድ ከነክፍያው ይሰጣል፤ በቀድሞው አዋጅ የኋለኛው 60 ቀን ነበር። ብዙዎች የማያውቁት ሌላም ነገር አለ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ እንድታርፍ ሐኪም ካዘዘ ክፍያ ያለው ዕረፍት ይገባታል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ማሠራትም፣ ትርፍ ሰዓት ማሠራትም ክልክል ነው። በእርግዝናዋ ሰበብ ማባረርም እንደዚሁ። ስለዚህ ያቺ የሐኪም ወረቀት ቦርሳ ውስጥ አትቅር፤ ኮፒ ተደርጋ፣ ቀን ተጽፎባት ለአሠሪው ትሰጥ። (ለአባት የተፈቀደው 3 ቀን ነው፤ እሱም ሚስቱ ስትወልድ። ስለዚህ አባቶች፣ ዓመት ፈቃዳችሁን ለዓሣ አትጨርሱት!)

ይህ ነገር በከተማችን ቀልድ አይደለም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከየገጠሩ ብዙ ወጣት ሴቶችን አምጥቷል፤ ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። እናት ሩቅ ናት። ከነሱ አንዷ «እረፊ» ብትባል ገንፎ የሚያገነፋላት እሷን መስላ የደከመች የክፍል ጓደኛዋ ናት። መንገድ ዳር ቡና የምታፈላዋና ገበያ አትክልት የምትቸረችረው ደግሞ የምታመለክትበት አሠሪም የላቸውም። ሰው ቤት የምትሠራዋንም ይህ አዋጅ አይሸፍናትም። ለእነዚህ «ሥራ አቁሚ» ማለት «እራት ተዪ» ማለት ነው። አንዳንዷም እያወቀች ሥራ ትገባለች፤ ደሙ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ነው እድር ትዝ የሚለን። ሰው ሲሞት እድራችን ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያወጣል፣ ምግብ ያበስላል፣ ማንም «ለምን?» አይልም። ይኸው ክንድ፣ ይኸው ድስት፣ ይኸው መዝገብ ከሞት በፊት ቢነሳ ምን ይለዋል? ሐኪም ዕረፍት ላዘዘላት አባል በሳምንት ጥቂት ብር፣ በተራ ውሃ መቅዳት፣ በተራ ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣት… እድር የሌለን ወጣቶች ደግሞ ለልደትና ለሠርግ መዋጮ የምንከፍታት የቴሌግራም ግሩፕ አለችን። ለዚህም ትበቃለች። ሰኞ ማን ውሃ ይቀዳል፣ ረቡዕ ማን ያበስላል፣ ዓርብ ለክትትል ማን ይዟት ይሄዳል፤ አለቀ።

«በሽልም ያውጣሽ» እንላለን፤ ደግ ምርቃት ነው። ከምርቃቱ ጋር ጀሪካኑን እናንሳ። ከናንተ መካከል በዚህ ሳምንት «እረፊ» የተባለች እህት፣ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ያለው ካለ ዛሬውኑ ይደውልላትና «የምትፈልጊው ካለ…» ከማለት ይልቅ የሚመጣበትን ቀን ይንገራት።

ቸር እንሰንብት!