‹‹በሕግ አምላክ!›› የምንለው ለማን ነው?

ሁለት ሰዎች ዱላ ቢማዘዙ መንገደኛው ‹‹በሕግ አምላክ!›› ይላል፤ ይህ የተባለ ሰው ደግሞ እጁን መሰብሰብ አለበት፡፡ በእኛ በደነባ የምናከብረው ትልቅ ወግ ነው፡፡ ታዲያ ጠቡ ፌስቡክ ላይ ሲሆን ‹‹በሕግ አምላክ›› የምንለው ለማን ነው?

ጥያቄው ቀልድ አይደለም፡፡ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ፡፡ በጦርነቱ ወቅት የትግራይ ተወላጅ የሆኑት እኚህ ምሁር ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጠፈ፡፡ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ደጃፋቸው ላይ በጥይት ተገደሉ፡፡ ልጃቸው አብርሃም መዓረግ፣ ‹‹ጽሑፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው ደጋግሜ ባመለክትም ሰሚ አላገኘሁም›› ባይ ነው፡፡ ካፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኼ ነው፡፡

አብርሃም፣ የሰብአዊ መብት ባለሙያው ፍሰሃ ተክሌና ካቲባ የተባለ የኬንያ ተቋም የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሱት፡፡ ለምን ናይሮቢ? በወቅቱ ከኢትዮጵያ የሚለጠፉትን ጽሑፎች የሚያጣሩት የኮንትራት ሠራተኞች እዚያ ስለነበሩ ነው፡፡ አሜሪካ ቢሄዱስ? እዚያ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሕግ ኩባንያዎቹን ሌላው ሰው በለጠፈው እንዳይጠየቁ በሰፊው ይከላከልላቸዋል፡፡ የከሳሾቹ ክርክር ግን ‹‹የሜታ አልጎሪዝም ራሱ ጥላቻን ያራግባል›› የሚል ነው፡፡ ሜታ ‹‹የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም›› አለ፡፡ ፍርድ ቤቱ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ፡፡ ይህ በር መክፈት እንጂ ጥፋተኛ ማለት አይደለም፡፡

እንደ እኔ እምነት እኛን ሊያሳስበን የሚገባው፣ ኢትዮጵያዊ አባቱ በኢትዮጵያ ምድር ተገድሎ ልጁ ፍትሕ ፍለጋ ድንበር መሻገሩ ነው፡፡ ሕግማ አለን! የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሱ ያዛል፡፡ ግን ባያነሱስ? የደነባ ሰው መጥሪያውን ይዞ የማንን በር ያንኳኳል? ስለዚህ በአገራችን የሚሠሩ የኢንተርኔት ኩባንያዎች መጥሪያ የሚቀበልና ፍርድ ቤት የሚቆም ወኪል እዚሁ እንዲኖራቸው በሕግ መገደድ አለባቸው እላለሁ፡፡

‹‹ይኼማ ለመንግሥት በትር ማቀበል ነው›› የሚሉኝ ጓደኞች አሉ፡፡ እርግጥ ነው፣ ኢንተርኔት በተደጋጋሚ ሲዘጋ አይተናል፤ ጋዜጠኝነት የሚማር ሰው ይህን ሊረሳ አይችልም፡፡ ነገር ግን ኢንተርኔት ሲዘጋ ተሳዳቢውም ተሰዳቢውም እኩል ይቀጣሉ፡፡ ችሎት ግን ሁለቱን ወገን ይሰማል፣ ማስረጃ ይመዝናል፣ የወሰነበትን ምክንያት ይጽፋል፣ ይግባኝም አለው፡፡ ‹‹ይነሳ›› የሚለውም ‹‹አይነሳ›› የሚለውም ክርክሩን በግልጽ ችሎት ያቅርብ፡፡ ባለሥልጣን በስልክ የሚያዘው ነገር መሆን የለበትም፡፡

የናይሮቢው ክስ ምንም ውሳኔ ቢያገኝ ፕሮፌሰሩን አይመልስም፡፡ የሚቀጥለው ሰው ግን በሕይወት እያለ ‹‹በሕግ አምላክ!›› ሲል ‹‹አቤት!›› የሚለው ሊያገኝ ይገባል፡፡