መጀመሪያ ደብተሩን አሳዩን

አንበሳሜ ላይ በአንድ የወላጆች ስብሰባ አንድ መምህር ተነሥተው «ሒሳብ ጭንቅላት ይፈልጋል፤ ከሌለ የለም፤ በከንቱ አትድከሙ» አሉ። ወላጁ በሙሉ አንገቱን ደፋ። «እንዴት አወቁ?» ያለ አንድ ሰው ጠፋ።

እኔ ልጠይቅ፤ እንዴት ታወቀ? ጭንቅላት የለውም ከተባሉት የአንዱን ልጅ ደብተር ገልጬ አይቻለሁ። ክፍልፋይ ሲደምር ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ይደምራል፤ ግማሽና አንድ ሦስተኛ ተደምረው ሁለት አምስተኛ ሆነውለታል። ያው ስሕተት ገጽ በገጽ ይደጋገማል። ከሥሩ ያለው ፊርማና ቀን ብቻ ነው። ይህ ልጅ ሲለማመድ የከረመው ስሕተቱን ነው፤ የሚያርመው ስላጣ!

ለመሆኑ ይህ የቅኔ አገር አይደለም? ተማሪው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ቤቱ የተሰበረበትን፣ ምሥጢሩ የላላበትን ነቅሰው ይመልሱታል፤ በማግስቱ ሌላ ይዞ ይቀርባል። ስምንት ቤት መወድስ ላይ የሚደርሰው እንዲህ ሲነገረውና ሲታረም ከርሞ ነው። ቤት የሰበረ ሁሉ «ጭንቅላት የለህም» ተብሎ ቢባረር ኖሮ ዛሬ መምህር የሚባል ባልኖረ።

ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ለዐፄ ቴዎድሮስ የሠሩት ሚሲዮናውያንም መድፍ አፍስሰው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። የከሸፈውን እያረሙ ደግመው ሠሩ፤ በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወጣ፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ ተጎተተ።

«በአንድ ክፍል ያለው ተማሪ ብዙ ነው፤ የሁሉንም ደብተር ማረም አይቻልም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ከባድ ነው። እንግዲያው ይኸው ይነገረን። የክፍሉ መጣበብ በልጁ ጭንቅላት አይሳበብ።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ስብሰባ የተነገረው እውነት ከሆነ የቀረው 96.7 በመቶ ጭንቅላት ሳይኖረው ተወለደ ማለት ነው። ይህን የሚያምን ሰው ለምን ክፍል ገብቶ ያስተምራል?

ወላጆች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ የልጃችሁን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ስሕተቱ የት ላይ እንደሆነ ያመለከተ ቀይ እስክሪብቶ ፈልጉበት። ካጣችሁ፣ «ጭንቅላት የለውም» የሚለውን ፍርድ አትቀበሉ።