ሐሰተኛዋ ዝንብ

ባለፈው ታኅሣሥ ከአንድ ጓደኛዬና ከእጮኛው ጋር ከመካነ ሰላም ተነስተን ሐይቅ ወረድን። ለጋምቦ ላይ ጋቢ ደርበን ስንንቀጠቀጥ ቆይተን ሐይቁ ዳር ስንደርስ ጃኬት አወለቅን። የወሎ በጋ እንዲህ ነው፤ ቁልቁል በወረዳችሁ ቁጥር ብርዱ ይለዝባል።

ጓደኛዬ ቀጭን ዘንግና ከላባ የተሠራች ሐሰተኛ ዝንብ ይዟል። «ትራውት አጥምጄ አበላሻለሁ» ብሏታል! ዘንጉን እያወናጨፈ ዝንቧን ውኃው ላይ ሲያሳርፍ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት… ምንም የለ።

አንድ ዓሣ አስጋሪ ታንኳውን አስጠግቶ ሳቀ። «ወንድም ዓለም፣ እዚህ ያለው ቆሮሶ ነው!»

እውነቱን ነው። ትራውት ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ባሌ ውስጥ፣ እነ ዌብና ዳንካን በመሳሰሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ነው። እሱ ነፍሳት ስለሚለቅም በላባ ይታለላል። ቆሮሶ ግን ዋና ምግቡ አልጌ የሚባለው ደቃቅ የውኃ እፅዋት ነው፤ ዝንብ ብትጥሉለት ዞር ብሎም አያይ።

ልጅቷ አልሳቀችም። «ባሕር ዳር ያለህ ሥራስ እንደ ትራውቱ ነው እንዴ?» አለችው።

ፈዞ ቆየና ተናገረ። ኮንትራቱ ካለቀ አራት ወር አልፎታል። (እኔ አውቅ ነበር። ዝም ማለቴ እስካሁን ይከነክነኛል።) ወንዶች፣ ሥራ ማጣት ነውር አይደለም፤ ግን ሽማግሌ ሳትልኩ ተናገሩት!

እሷ በገዛ ገንዘቧ ሁለት ቆሮሶ ገዛች። ጾም ነበርና በዘይት አስጠብሰን በላን። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። ለጥር ተቀጥሮ የነበረው ሽምግልና አልተሰረዘም፤ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ብላለች።