ጨጓራው ቢጠብም ክትትሉ አይጥበብ

ውፍረት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው፣ ሌሊት የባቱ ጡንቻ ተሸማቅቆ ከእንቅልፉ ሲባንን «ድካም ነው፤ ያልፋል» መባሉ አይበቃም። ሕመሙ ሰውነቱ አንድ ነገር እንደጎደለው የሚያሳይ ምልክት ሊሆን ይችላል።

የጠበበ ጨጓራ ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ አይቀበልም። ምግብ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ዘልሎ በሚያልፍበት «ባይፓስ» ደግሞ ካልሲየም በበቂ መጠን ወደ ደም አይገባም። ማስታወክ ሲጨመርበት ፖታሲየምና ቫይታሚን ቢ1 ይመናመናሉ።

ጡንቻው ሲሸማቀቅ የእግርን ጣቶች ወደ ጉልበት አቅጣጫ መሳብ ያስታግሳል። መፍትሔው ግን ቀኑን ሙሉ ውኃ ጥቂት በጥቂት መጎንጨት፣ የታዘዙ ቫይታሚኖችን አለማቋረጥና ደምን ማስመርመር ነው። የሚጾሙም አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ፖታሲየምን በግምት መዋጥ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ከሞቀ የደም መርጋት፣ እግር ከደነዘዘና አረማመድ ከተዛባ የነርቭ ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም።

ለቀዶ ሕክምና ባሕር የሚሻገር ሰው የመመለሻ ቲኬቱን እንደሚቆርጥ ሁሉ፣ ሲመለስ የሚከታተለውን ሐኪምም አስቀድሞ ሊይዝ ይገባል። ቀዶ ሕክምናው በሰዓታት ያበቃል፤ ክትትሉ ግን የዕድሜ ልክ ነው።