ቀለሟ አዲስ፣ ውስጧን ለቄስ

ሐምሌ ላይ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው በብሎኮቹ መካከል ቀድሞ የሚያየው ሸራ ነው። ሰማያዊ ሸራ፣ ግራጫ ሸራ፣ ጠርዙ በድንጋይ የተያዘ ላስቲክ። ከእያንዳንዱ ሥር አንዲት መኪና ተኝታለች፤ ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ አልፎ አልፎም ከባለቤቷ የመጀመሪያ ልጅ በዕድሜ የምትበልጥ ዲኤክስ። መጠለያ የለምና ባለቤቱ ያለውን ያደርጋል። ማታ ሲገባ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ስትጠጣ የዋለችውን መኪና እንደ ሕፃን ሸፋፍኗት ወደ አራተኛ ፎቅ ይወጣል።

ያሳዝናል እንጂ ደግነቱ ራሱ ነው የሚጎዳት። እርጥብ ብረት ላይ የተጎተተ ላስቲክ ውኃውን ያምቀዋል። እርጥበቱም በበሩ ሥር፣ በጎማ ቤቱ ከንፈር፣ ላሜራ በላሜራ ላይ በተደረበበት ስፌት ውስጥ ተደብቆ ያድራል። ከበሩ ሥር ያሉት ትንንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በጭቃ ከተደፈኑ ደግሞ በሩ ራሱ ጋን ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው የማይበተንባት ከተማ በመሆኗ የዚህ አገር ሰው «እዚህ መኪና አይዝግም» ማለት ይወዳል። ግማሽ እውነት ነው። ከአውሮፓ የመጣችው ያሪስ ግን የአሥር ክረምት ጨው በሆዷ ይዛ ነው የመጣችው፤ የእኛ ሦስት ወር ዝናብ የጀመረውን ይጨርሰዋል።

የሠፈሩ የውስጥ መንገድም የራሱን ያዋጣል። ኮብልስቶን እግረኛን ከጭቃ ያወጣ፣ ብዙ ወጣት እንጀራ ያበላ መልካም ሥራ ነው። ለአሮጌ መኪና አካል ግን ወንፊት ነው። አስፋልት ላይ ዝም ብላ የመጣችው መኪና ኮብልስቶኑን ስትረግጥ ገመናዋን ሁሉ ትዘረግፋለች። ባለቤቱ ድምፁን አንድ በአንድ ያውቀዋል። «ከሥር ይንኳኳል።» «በሩ ወርዷል፣ ከፍ ካላደረጉት አይዘጋም።» «ሲዘንብ እግር ሥር ውኃ ይገባል።» «መሪው ወደ ቀኝ ይስባል።»

እነዚህን አራት ነገሮች በሙሉ ድምፅ የሚሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባትላሜራው። ለሚስት የሚነገረው ለስለስ ተደርጎ ነው። ለገዢ ደግሞ ጭራሽ አይነገርም።

ባትላሜራ የሚለው ቃል ራሱ የጣሊያን ነው፤ ላሜራ ቀጥቃጭ እንደ ማለት። ከኮፈን እስከ ፓራፋንጎ፣ ከፍሬቻ እስከ ማርሚታ ጋራዡ ዛሬም በግማሽ ጣሊያንኛ ነው የሚያወራው። ጣሊያን ተባሮ ከሄደ ከ80 ዓመት በላይ ሆነ፣ መኪናውም ጃፓናዊ ሆነ፣ ስሙ ግን አልተነቀለም። የሙያተኞቹን እጅ ማንም አይንቅም። በደርግ ዘመን የመጡት ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች እንዲያ ዘመን ተሻግረው ታክሲ ሆነው የቆዩት በእነሱ መዶሻ ነው፤ አንዳንዷማ ፋብሪካ ከሰጣት ላሜራ የተለጠፈላት ይበልጥ ነበር ቢባል ማጋነን አይመስልም። ግንባሯ የገባ ኮሮላ ከሶማሌ ተራ በተገኘ ፓራፋንጎ፣ በብየዳና በስቱኮ ሁለት ሳምንት ውስጥ ሙሽራ ሆና ትወጣለች።

ከባዱ ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ሻንሲ አላቸው፤ አካሉ ከላይ የተጫነ ነው። ኮሮላና ቪትዝ ግን ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም። ወለሉ፣ የበሩ ምሰሶ፣ ጣሪያው፣ ከበሩ ሥር የሚያልፈው ሳጥን መሰል ብረት ሁሉ አንድ ላይ ተበይዶ የሻንሲውን ሥራ ይሠራል። ከበር ሥር ያለው ብረት በዛገ ጊዜ የተበላው አጥንት ነው ማለት ነው። ግጭት ሲመጣ ጉልበቱን እየታጠፈ የሚቀበለው፣ የመቀመጫ ቀበቶውም የሚታሰርበት ይኸው አጥንት ነው። እዚያ ላይ ስስ ላሜራ በነጥብ በነጥብ ተይዞ፣ ስቱኮ ተለቅልቆ፣ ቀለም ሲረጭበት ዓይን ይሸነፋል። ብልህ ገዢ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ይመጣል፤ ስቱኮው የወፈረበት ቦታ ሲደርስ ማግኔቱ አልይዝም ይላል። ማግኔቱ ግን ከበሩና ከጎኑ አልፎ ወለሉን አይጠይቅም።

አንዳንዶቹ መኪኖች ደግሞ አገር ከመግባታቸው በፊት የተቆረጡ ናቸው። ጃፓን በግራ በኩል ትነዳለች፣ ኢትዮጵያ በቀኝ። ለጃፓን መንገድ የተሠራች ቪትዝ እዚህ ለመምጣት መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ መዞር ነበረበት፤ ዱባይ ላይ ይህን ሥራዬ ብለው የያዙ ጋራዦች ነበሩ። ሥራው ዳሽቦርድ ፈትቶ በመግጠም አያልቅም። በሞተሩና በተሳፋሪው መካከል ያለውን የብረት ግድግዳ መብሳት፣ መድፈን፣ መበየድ አለበት። ገዢው «መሪዋ የዞረ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ማን አዞረው፣ በምን በየደው የሚለውን ቢጠይቅ እንኳ ሻጩም አያውቀውም፤ አራተኛ ወይም አምስተኛ ባለቤት ነውና።

ይህ ሁሉ መኪና የሚያፈቅሩ ጥቂት ሰዎች ወግ ሆኖ በቀረ ነበር፣ አሮጌ መኪና የአገሩ ዋና መኪና ባይሆን። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ሐሳቡ አይነቀፍም፤ ሌላው ዓለም ጠግቦ የጣለውን ማራገፊያ አንሁን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ባወጣው ቆጠራ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 ድረስ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪኖች ከሀብታም አገሮች ተልከዋል፤ ትልቁ ድርሻ፣ 40 በመቶ ገደማው፣ የወረደው አፍሪካ ላይ ነው። ቀጥሎ በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ዶላር በአጭር ጊዜ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ100 አለፈ።

ውጤቱ የካ አባዶ ሸራ ሥር ተኝቷል። በሌላው ዓለም መኪና ከዓመት ዓመት ዋጋዋ ይወርዳል፤ እዚህ 20 ዓመት የሞላት ቪትዝ እንደ ቦታ ዋጋ ትጨምራለች። አዲስ ካልገባ ያለው ይዞራል። ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ባትላሜራ ወደ ሌላው። በየሽያጩ ዋጋዋ ከፍ ይላል፣ ስለ አካሏ የሚታወቀው ግን ይቀንሳል፤ የመጀመሪያው ባለቤት የሚያውቀውን ግጭት ሦስተኛው ባለቤት በወሬ እንኳ አልሰማውም። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት መኪኖች በርክተዋል፣ ይበርክቱ። አያት አደባባይ ላይ በየቀኑ የሚታየው ሰልፍ ግን ገና ለብዙ ዓመት የኮሮላ ሰልፍ ነው።

በዚህ መካከል ያለው የመረጃ ምንጭ ደላላ ነው። «የሴት መኪና ናት።» «ሐኪም ነው የያዛት፣ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት።» «ንክች አላለችም።» አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ሐኪም ቢኖር ነው ይህ ሁሉ መኪና በሐኪም የተያዘው? ሻጭና ገዢ ውልና ማስረጃ ሲደርሱ በእጃቸው ያለው ሊብሬ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር፣ ቀለሟን፣ የባለቤቱን ስም ይናገራል። ተገልብጣ መነሣቷን፣ ወለሏ መቀየሩን፣ ምሰሶዋ መበየዱን አይናገርም።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል፤ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ እንዲያሳውቅ ያዛል። ይህ ድንጋጌ የተጻፈው ገዢ መመርመር ይችላል በሚል እምነት ነው። ቀለም የተቀባ ብየዳን በምን ይመርምረው? ጉድለቱ የሚወጣው ከስድስት ወር በኋላ፣ ዝናብ ሲገባ ነው። ያኔ «ስትሸጥልኝ ታውቅ ነበር» ብሎ ማስረዳት የገዢው ዕዳ ይሆናል፤ ብቸኛው ምስክር ባትላሜራው ነው፣ እሱም ደንበኛውን አይከስም።

የባለቤቶች እሮሮ ሲሰበሰብ ምን እንደሚሠራ ያየ አገር አለ። በአሜሪካ ከ1995 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. የተሠሩ የቶዮታ ታኮማ ባለቤቶች ሻንሲያቸው ከውስጥ ወደ ውጭ እየዛገ መበሳቱን ደጋግመው ተናገሩ። አንድ ሰው ቢናገር «አያያዝህ ነው» ተብሎ ይሸኝ ነበር። ብዙዎቹ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ተመሳሳይ ቀዳዳ ሲያሳዩ ግን ኩባንያው በ2008 እ.ኤ.አ. ክፉኛ የዛጉትን ከገበያ ዋጋቸው በአንድ ተኩል እጥፍ መልሶ እስከ መግዛት ደረሰ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኋለኞቹ ሞዴሎች ጉዳይ 1.5 ሚሊዮን ገደማ መኪኖችን የሚመለከት፣ እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ ይችላል የተባለ የፍርድ ቤት ስምምነት ተደረገ። በቶዮታ መማል ለሚወድ የአዲስ አበባ ሰው ይህን መስማት ትንሽ ይጎረብጠዋል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የእንግሊዞቹ መንገድ ነው። እዚያ ሦስት ዓመት ያለፋት መኪና በየዓመቱ ኤምኦቲ በሚሉት ምርመራ ታልፋለች። መርማሪው ከሥር ገብቶ ያያል። የመቀመጫ ቀበቶ፣ መሪ ወይም የጎማ ተሸካሚ ከታሰረበት ነጥብ 30 ሴንቲ ሜትር ክልል ውስጥ ብረቱን ያደከመ ዝገት ከተገኘ መኪናዋ ትወድቃለች። እዚያ ቦታ የሚለጠፍ ላሜራም ዙሪያውን ሳይቋረጥ መበየድ አለበት፤ በስቱኮ መሸፈን አይሠራም። ከሁሉ በላይ ግን ውጤቱ ለማንም ክፍት ነው። ገዢ የሰሌዳ ቁጥሩን አስገብቶ መኪናዋ በየትኛው ዓመት በምን እንደወደቀች፣ ምን ማስጠንቀቂያ እንደተጻፈባት በነፃ ያነባል።

ኢትዮጵያም ዓመታዊ ምርመራ አላት። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ግዴታ አድርጎታል። ባለቤቱ ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ ጭሱን አስመርምሮ ቦሎውን መስታወት ላይ ይለጥፋል፤ ወረቀቱ ኪስ ይገባል፣ በዓመቱ ይጠፋል። ጎደለ የሚባለው ከዚህ ወዲያ ያለው አንድ እርምጃ ነው። መርማሪው ከሥር ገብቶ የበሩን ሥር፣ የወለሉን ስፌት፣ የቀበቶውን ማሰሪያ፣ የጎማውን ተሸካሚ ይይ፤ ያየውን ዝገትና ብየዳ በሻንሲ ቁጥሯ ላይ ይመዝግብ፤ መዝገቡም ውልና ማስረጃ ላይ ለገዢው ይነበብ። አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልገውም፣ ቦሎ የሚሰጠው ቦታ ይበቃዋል።

የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የካ አባዶን ከመገናኛ የሚያገናኙት ሚኒባሶች በዚህ መለኪያ ቢመዘኑ ምን ያህሉ ያልፋል? ጧት አንድ ሰዓት ላይ የተሰለፈው ሕዝብ በምን ይሂድ? በመኪናዋ ልጆቹን የሚያስተምር ሹፌር «ወለልህ ዝጓል» ተብሎ ሰሌዳው ቢነጠቅ ማን ያበላዋል? ስለዚህም ነው ሐሳቡ ከመጣል ሳይሆን ከመጻፍ መጀመር ያለበት። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማንም በዝገት ምክንያት አይውደቅ፤ ይመዝገብ ብቻ። ቀበቶ የሚታሰርበት ብረት ከተበላ ግን በዚህ ላይ ድርድር ሊኖር አይገባም፤ ጊዜ ተሰጥቶት ያሠራ።

ሌላው ሥጋት የታወቀ ነው፤ መርማሪው ብር ተቀብሎ «ንጹሕ» ቢልስ? ይላል፣ አንዳንዱ። አምና «ወለሉ ተበይዷል» ተብሎ የተጻፈባት መኪና ዘንድሮ ከሌላ ጣቢያ «እንከን የለባትም» ይዛ ከመጣች ግን ገዢው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያያቸዋል። ዛሬ ጎን ለጎን የሚያየው የደላላውንና የሻጩን ፊት ነው።

ዋጋቸው የሚወርድባቸው ባለቤቶች ይቆጣሉ። ከሁሉ በፊት የሚቆጣው ስቱኮውን ባለፈው ወር ያስለቀለቀው ነው። መኪናዋን በእውነት የያዛት ሰው ግን፣ ማታ ማታ ሸራ የሚያለብሳት፣ ወለሏን በወጉ አስበይዶ ጸረ ዝገት ያስቀባት፣ ዛሬ ከዚያኛው እኩል ዋጋ ነው የሚያገኘው፤ ልዩነቱን የሚያሳይበት ወረቀት የለውምና።

መስከረም ሲጠባ ሸራዎቹ ይነሣሉ። ከብሎኮቹ መካከል አንዷ ታጥባ፣ ጎማዋ ጥቁር ተቀብቶ፣ ገዢ ይመጣባታል። ሰውዬው ዘመናዊ ነው፤ ካርቶን አንጥፎ ኮብልስቶኑ ላይ ይተኛል፣ የስልኩን መብራት ወደ ወለሏ ያበራል። ከሥር የሚያየው በሙሉ ጥቁር ነው፤ ትናንት የተረጨ፣ ገና ሽታው ያልለቀቀ ጥቁር ቀለም። ደላላው ጎንበስ ብሎ «ጸረ ዝገት ነው ጋሼ፣ ባለቤቱ ሲጠነቀቅላት» ይለዋል።