ልጅን ማሳደግና የጎረቤት መተማመን

ልጅን ወልዶ ማሳደግ የአባትና የእናት ግዴታ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ወላጅ ሁልጊዜ ከልጁ አጠገብ ሊገኝ አይችልምና፤ በሌለበት ሰዓት ጎረቤቱንና መንገደኛውን ማመን ግድ ይሆንበታል። የዚህም መተማመን መጠን እንደየአገሩ ልማድ ይለያያል።

በ1989 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ አንዲት የዴንማርክ ተወላጅ እናት ሕፃንዋን በጋሪ እንዳስተኛች ከምግብ ቤት ደጃፍ ትታ ከልጅቱ አባት ጋራ ወደ ውስጥ ብትገባ፤ ፖሊስ ሁለቱን ይዞ አሰረ፤ ሕፃኒቱም ለጥቂት ቀኖች ከወላጆችዋ ተለየች። በእናቲቱ አገር ግን ይህ የተለመደ ነው። ስለዚህ በአንዱ ዘንድ መተማመን የሆነው ነገር በሌላው ዘንድ ቸልተኝነት ሆኖ ተቈጠረ ማለት ነው።

ልማዳቸው ልዩ ልዩ የሆነ ሰዎች በአንድነት በሚኖሩባት በሐረር ይህ ነገር በብርቱ ሊታሰብበት ይገባል። አሚር ኑር እንዳሠሩት በሚነገርለት በጀጎል ግንብ ውስጥ ቤቶቹ ተያይዘው፤ መንገዶቹም ጠበው የተሠሩ ስለ ሆነ፤ በደጅ የሚጫወተውን ልጅ የሚያየው ዓይን ብዙ ነው። ሐረሪው በአፎቻው፤ ሌላውም በእድሩ በኀዘን ጊዜ ይረዳዳል። በኦሮሞ ዘንድ የሌላውን ልጅ እንደ አብራክ ክፋይ የሚያሳድጉበት ጉዲፈቻ አለ፤ ስሙም በአገሪቱ የቤተሰብ ሕግ ገብቶአል። ክርስቲያኑም ለልጁ የክርስትና አባት ወይም እናት ይሰጠዋል። መንገዱ ቢለያይም፤ ልጅ የወላጁ ብቻ አይደለም የሚለው አሳብ አንድ ነው።

ጎረቤት ከጎረቤቱ ሳይተዋወቅ በሚኖርበት አዲስ ሰፈር ግን ይህ መተማመን በራሱ አይመጣም። የአንዱ ተግሣጽ ለሌላው ድፍረት፤ የአንዱም ዝምታ ለሌላው ንቀት መስሎ ይታያል። ደግሞም መተማመን ማለት በደልን መሸፈን አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም በአካላቸው እንዳይቀጡ ያዛል፤ በአደራ የተቀበሉትን ልጅ በዱላ መጉዳት አደራን መብላት ነውና።

ስለዚህ የከተማው ሹማምንት ሰፈር ሲመሠርቱ ጎረቤቶች የሚገናኙበትን አደባባይና ልጆች የሚጫወቱበትን ስፍራ አስቀድመው ይለዩ። ካህናቱም ሼኮቹም የሌላው ልማድ ሳይመረመር እንዳይነቀፍ፤ የተበደለ ልጅም በይሉኝታ እንዳይታለፍ ምእመናናቸውን ያስተምሩ። ልጁን ለጎረቤቱ አምኖ መተው የሚችል ሰው በሌላውም ነገር ከጎረቤቱ ጋራ በሰላም ይኖራል።